የቀትሩ ኪኒን

የመጨረሻው ደህና ቀን ረቡዕ ነበር። ደህና የምለው አሁን ነው። ያን ጊዜ እንደ ሰኞው፣ እንደ ማክሰኞው አለፈ፤ ምንም ምልክት አላደረግሁበትም።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና አዋሽም በዚያ ሰዓት ትበርዳለች። ወንድሜን መቀስቀስ የእኔ ሥራ ነበር። ታላቄ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ወሎ ሲሞት እጄን ይዞ ወደዚህ ቆላ ያወረደኝ እሱ ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ጥጥ እየጫነ ናዝሬት አስተማረኝ። አሥረኛን ስጨርስ ደግሞ እሱው አጠገቡ ሥራ አስገባኝ። ጋሼ እለዋለሁ። በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ሰሁር ሊያልፍብህ ነው» አልኩት።

ቤቱ ውስጥ የሚጾመው እሱ ብቻ ነበር። ረመዳን ገና አልገባም። ባለፈው ረመዳን ጉልበቱን አሞት አሥራ ሁለት ቀን አፍጥሯል። ያልጾመውን ቀን መተካት አለበት፤ ቀዷ ይባላል። አዲሱ ረመዳን ሳይደርስ ሊጨርሰው ተነሥቶ፣ ሌላው ሰው በተኛበት ሰዓት ብቻውን ይነሣ ነበር። ብቻውን እንኳ አይደለም፤ ከእኔ ጋር።

ሚስቱ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ሰሁር ከማታው ቂጣና ወተት ከድና ታስቀምጥለታለች። ክዳኑን አነሣና አየው። መልሶ ከደነው።

«አልወርድ ይለኛል» አለ። «ኪኒኔን ስጠኝ።»

አስፕሪኑን የምናስቀምጠው በትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ እንዳይረግብ ከላዩ ጥጥ እንጠቀጥቅበታለን፤ ጥጥ መቼ ጠፍቶ። አራት ቆጥሬ መዳፉ ላይ አደረግሁለት። ውኃ ሰጠሁት። አንድ በአንድ ዋጣቸው። «አላህ ይስጥህ» አለኝና ጋደም አለ። እኔም ተመልሼ ተኛሁ።

ከዚያ ቀኑ ነጋ።

ጥጡ ከመልካ ወረር በጭነት መኪና ይመጣል። ተጠቅጥቆ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በብረት ቀበቶ ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ቦንዳ እንለዋለን። አንዱን ቦንዳ ስድስት ሰው በሳንቃ ላይ እየገፋ ወደ ፉርጎው ያስገባዋል። ወንድሜ የጫኞቹ አለቃ ነበር። እሱ «ያ አላህ» ሲል ስድስቱም በአንድ ጊዜ ይገፋሉ። እሱ ካላለ ማንም አይገፋም። የእኔ ሥራ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ቦንዳው ላይ ቁጥር መጻፍ ነው።

ያን ዕለት ከጫኞቹ አንዱ፣ ቀልደኛው፣ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና እንዲህ አለ፦ «ተማሪው ቀለም ሲቀባ ጠቆረ። አለቃዬ ደግሞ ነጣህ። መልክ ተቀያየራችሁ እንዴ?»

«ጥጡ ነው የሚያነጣኝ» አለ ወንድሜ።

«እኛም እኮ ከጥጡ ጋር ነው የዋልን።»

«እናንተማ ከድሮም ከሰል ናችሁ፤ ጥጥም አያነጣችሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ነጥቶ ነበር። ከንፈሩ እንኳ ነጥቶ ነበር። ሰው ካልነገረኝ አላየውም ነበር፤ ሲነግሩኝም ሳቅኩ።

ከቀትር በኋላ አንድ ቦንዳ ላይ ተቀመጠ። ሥራ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አጠገቡ ስሄድ ባቡሩ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሐዲዱን አየሁ። ምንም የለም። ሰዓቱም አልነበረም። ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ሰሞኑን እንዲህ ነው አለኝ። ጾሙ ነው አልኩት። እሱም ጾሙ ነው አለ።

ማታ በቴምርና በሾርባ አፈጠረ። ሁለት ኪኒን ወሰደ። ሦስት ጣቱን አወጣና «ሦስት ቀን ቀረኝ» አለ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሚስቱ ሲጨርስ የሚበላው ነገር እንዳሰበችለት ነገረችው። ምን እንደሆነ አልነግርህም አለችው። ረቡዕ ይኸው ነው።

አራቱ ኪኒን ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። እዚህ ላይ መጻፌን ብዙ ጊዜ አቁሜ ነበር።

ወንድሜን ጉልበቱን ማመም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሳንቃው ላይ ሲወጣ ሁለቱም ጉልበቱ ያብጣል። ባለፈው ረመዳን በጣም ባሰበት። ሸኹ የታመመ ሰው አይገደድም፣ ሲድን ይተካዋል አሉት። ቀን ቀን ከፉርጎ ጀርባ ሄዶ ይበላ ነበር። ጀርባውን ለሐዲዱ ሰጥቶ ነው የሚበላው። እሱን ሰምተው የሚገፉት ሰዎች ጾመው ሲውሉ እሱ ተደብቆ መብላቱ ነው የቆጨው። ማንም ምንም አላለውም። ማንም ምንም አለማለቱ ራሱ ቆጨው። በሚመጣው ዓመት አፌን ሞልቼ ካልጾምኩ እኔ አለቃ አይደለሁም ይል ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው ክሊኒክ የወሰድኩት። ክሊኒኩ ከጣቢያው ወዲያ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እዚያ ሕመምተኛ የሚያየው ድሬሰር ጉልበቱን ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ አየና አስፕሪን አዘዘለት። ሁለት ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ወንድሜ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ድሬሰሩ በወረቀት ከረጢቷ ላይ ሥዕል ሣለለት። የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። ከእያንዳንዷ ሥር ሁለት ጭረት። ከጭረቱ በፊት ደግሞ አንዲት ሳህን። ሳህኗ ዛፍ ላይ የተቀመጠ የወፍ ጎጆ ትመስል ነበር። ሳቅሁ። ድሬሰሩ አልሳቀም።

«አንተ ተማሪ ነህ፤ ስማኝ» አለኝ። «ይህ ኪኒን በየሱቁ ስለሚሸጥ ቀላል ይመስላችኋል። ለአንድ ቀን ራስ ምታት ሌላ ነው፤ ወር ሙሉ በየቀኑ መውሰድ ሌላ ነው። ባዶ ሆድ ላይ አይወሰድም። መጀመሪያ ሳህኗ፣ ከዚያ ኪኒኗ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ። ሌላ የሕመም ማስታገሻ አይደረብበትም። ሆዱን ካቃጠለው፣ ጆሮው ከጮኸ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ያኔውኑ አቁማችሁ ወደ እኔ። ደግሞ ወር ሲሞላ ትመጣላችሁ። ይቀጥል፣ ይቁም የምለው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቃል በቃል የጻፍኩት ስለማስታውሰው ነው።

ወር ሲሞላ አልሄድንም። ጉልበቱ ተሽሎት ነበር። ኪኒኑ ሲያልቅ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ የእኛው አገር ሰው ነው። ኪኒኑን የሚያስቀምጠው በር ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ነው። ብልቃጡን ከፍቼ ሳሸተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለኝ። አስፕሪን ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ተበላሽቶ ኮምጣጤ እንደሚሸት ናዝሬት ህንዳዊው የኬሚስትሪ መምህራችን ነግሮን ነበር። ይሄ ተበላሽቷል፣ አንወስድም አልኩ።

«ከኮመጠጠማ ሰላጣ ላይ አድርጉት» አለ ባለሱቁ።

ወንድሜ ግን ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ሌላ ሱቅ ሄደን ከጓዳ ያስቀመጠውን፣ የማይሸተውን፣ ጠርዙ ያልተፈረፈረውን መርጬ ገዛን። በዚያ ነገር የኮራውን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። ለጫኞቹ ነገረ። ለሚስቱ ነገረ። «የኔ ወንድም ኪኒን በአፍንጫው ያነባል» እያለ። የጥጡ መጋዘን ዘበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ያንኑ አስፕሪን ይወስዱ ነበር፤ እሳቸውም ቆርቆሯቸውን ይዘው መጡና አሸተትኩላቸው። ደህና ነው አልኳቸው። ደህና ነበር።

አንድ ጊዜ ትክክል መሆኔ ነው የጎዳን። ከዚያ በኋላ ድሬሰሩን ማን ይጠይቃል? ቤት ውስጥ እኔ አለሁ።

ቀዷውን ሊጀምር ሲል አንድ ማታ ያቺን የወረቀት ከረጢት አወጣ። ኪኒኗ ካለቀች ወራት ቢሆናትም አጣጥፎ አስቀምጧት ነበር። ጉልበቴ ላይ ዘረጋትና መካከለኛዋ ፀሐይ ላይ ጣቱን አደረገ።

«ይህቺኛዋ የት ትግባ?» አለኝ። «ቀን አልውጥ።»

አሰብኩ። አስቤ ነበር፤ ሳላስብ አይደለም። ሁለትና ሁለትና ሁለት ስድስት ነው። አራትና ሁለትም ስድስት ነው።

«ከጠዋቷ ጋር አድርጋት» አልኩት። «ድምሩ ያው ነው።»

ጣቱን ወደ ታች ወሰደ። «ሳህኗስ?»

«ሰሁር ትበላ የለ?»

«እሱስ እበላለሁ» አለ።

ሁለት ቀን በላ። በሦስተኛው ቀን በዚያ ሰዓት ምግብ አልወርድ አለው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ክዳኑን እያነሣ ይመልሰው ነበር፤ የተረፈውን ጠዋት የምበላው እኔ ነበርኩ። እኔ ቆሜ አያለሁ። አራቱን ቆጥሬ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሆዱን እንደሚያቃጥለው ነገረኝ፤ ጾመኛ ሆድ ምን ይሆናል ብለን አለፍነው።

ዘበኛው ሽማግሌም በዚያው ሰሞን ጠየቁኝ። ሌሊት ሥራ ላይ ስለሚያድሩ የሚበሉት አንዴ ነው። ጠዋት ቤት ሲገቡ የቀኑን በአንድ ላይ ቢወስዱትስ? ድምሩ ያው ነው አልኳቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ስለው ቀለለኝ።

ሌላም አለ። ይህንን ካልጻፍኩ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ከረቡዑ ሁለት ቀን በፊት፣ ወንድሜ ከቁጥቋጦው ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። «ጥላሸት የበላሁ ይመስላል። ሬንጅ ነው የሚወጣኝ።» ቆምኩ። የድሬሰሩ ቃል መጣብኝ። ክሊኒክ እንሂድ አልኩት። አሁን ብሄድ ያስፈጥሩኛል፣ አምስት ቀን ነው የቀረኝ፣ እሑድ ጠዋት አብረን እንሄዳለን አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና እንዲህ አለኝ፦ «ለእሷ እንዳትነግራት። አንተ ወንድሜ ነህ።»

አልነገርኳትም። እሑድ ቅርብ መሰለኝ።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀስኩት። ቶሎ አልነቃም። ሲነሣ ግድግዳውን ያዘ። ዞረብኝ አለ። ዛሬ ኪኒኑን ብትተወው አልኩት። ይህን ብያለሁ። «ካልወሰድኩ ሳንቃውን በምን ጉልበት እወጣለሁ?» አለኝ። ቆጥሬ ሰጠሁት። አራት።

ረፋድ ላይ ሦስተኛውን ቦንዳ ሊያስገቡ ነበር። ስድስቱም ትከሻቸውን ሰጥተው ድምፁን ይጠብቃሉ። ድምፁ አልመጣም። ዞር ስል ሳንቃው ጫፍ ላይ ተንበርክኳል። አስታወከ። የወጣው ነገር የቡና አተላ ይመስላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ቀይ ደም መጣ። ቀልደኛው ሮጦ ደገፈው። እኔ ብሩሹን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ልብሴ ላይ ቀለሙ ይንጠባጠባል።

ድሬሰሩ በሩጫ መጣ። እጁን ያዘው፤ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አየው። ውስጡ ደም የሌለበት፣ ነጭ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ወሰደ?»

«አስፕሪን።»

«ስንት?»

«አራት። ጎህ ሳይቀድ።»

«ምን በልቶ?»

ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ምን በልቶ ነው የምልህ።»

«ውኃ ብቻ» አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሆዱ ውስጥ እየደማ መሆኑን፣ ደም ሊሰጠው እንደሚገባ፣ ያ ደግሞ ያለው ናዝሬት መሆኑን ለሁላችንም ነገረን። መኪና ተፈለገ። የመልካ ወረሮቹ መኪኖች አራግፈው ተመልሰዋል፤ የቀረው አንድ መኪና ሞተሩ ተፈትቶ መሬት ላይ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ናዝሬት የሚወጣው ባቡር የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ጥላ ሥር፣ ጥጥ የሞላ ጆንያ ላይ አጋደምነው። ድሬሰሩ መርፌ ወጋው፣ እግሩን ከፍ አድርገን እንድንይዝ አዘዘን፣ በአፉ ምንም እንዳይገባ ከለከለን። ሚስቱ መጥታ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች። በነጠላዋ ጫፍ አፉን ትጠርገዋለች።

ብዙ አልተናገረም። ባቡሩ መጣ አለ። አልመጣም አልነው። ቆየና እኔን ፈለገ። ጎንበስ አልኩ።

«ፈረሰብኝ?» አለኝ።

ጾሙን ነው። ሳይፈልግ ያስታወከ ሰው ጾሙ እንደማይፈርስ ሸኹ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ።

«አልፈረሰም ጋሼ» አልኩት።

ይህኛው ትክክል ነበር። አመነኝ። ሁልጊዜ እንደሚያምነኝ አመነኝ።

የዐስር ሶላት ሲደርስ ሞተ። ባቡሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የረቡዕን ቦንዳዎች፣ እኔ ቁጥር የጻፍኩባቸውን፣ ይዞ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው። ጀናዛውን ሊያነሡ ስድስቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ ከዚያ ቆሙ። የሚጠብቁትን እኔ አወቅሁ። እነሱም ያወቁት ከቆሙ በኋላ ነው። ቀልደኛው ነው በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያ አላህ» ያለው። ከዚያ ተነሡ።

ከቀብር ስንመለስ ሸኹን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው፤ የቀረበት ቀን አለ፣ ምን ይሆናል አልኳቸው። ቤተሰቡ ሊጾምለት ይችላል አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሚስቱ ጓዳ ገብታ ቂጣና ወተቱን እንደተከደነ አገኘችው። ክዳኑን ይዛ ወጣች። «ጠዋት አልበላም እንዴ?» አለችኝ። አልበላም አልኳት። «ትናንትስ?» ትናንትም አልበላም አልኳት። አየችኝ። ሌላ ሰው ገባና ዞረች። ያን ማታ ከእኔ የወጣው ያ ብቻ ነው።

ዓርብ በዚያው ሰዓት ነቃሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። እጄ ወደ ቆርቆሮዋ ሄደ። ከነካኋት በኋላ ነው ያስታወስኩት። የሚቀሰቀስ ሰው የለም።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ወተቱ ኮምጥጦ ነበር። ቂጣውን በላሁ። ደርቋል፤ በውኃ እያራስኩ ጨረስኩት። ሐሙስን ጨምሮ ሦስቱንም ቀን ልጾምለት በልቤ ነየትኩ። የጎሁን ሶላት፣ ፈጅርን፣ ሰገድኩ። ሰላም ብዬ ፊቴን ስመልስ ነው ዘበኛው ሽማግሌ ትዝ ያሉኝ። ፀሐይ ስትወጣ ከመጋዘኑ ቤታቸው ይገባሉ። ገብተው ስድስቱን በአንድ ላይ ይውጣሉ። እንደዚያ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ነጠላ ጫማዬን እንኳ በደንብ አላጠለቅሁም።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ። ቆርቆሮዋ አጠገባቸው ናት። ሲያዩኝ ሊነሡ ፈለጉ፤ ወገባቸው አልታዘዛቸውም።

«አላህ ያጽናህ ልጄ። ማታ ዘብ ላይ ነበርኩ፤ አሁን ልመጣ ነበር» አሉኝ።

«አባባ፣ ኪኒኑን ወሰዱ?»

«ገና ነኝ።»

«አይውሰዱት።»

ቆርቆሮዋን አዩዋት። «ምነው፣ ኮመጠጠ?»

«አልኮመጠጠም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ነገርኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ራሴ መናገር ይከብደኛል። ቢሆንም ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ መካከለኛዋ ፀሐይ፣ ስለ ሳህኗ፣ ስለ ሰኞው። ድሬሰሩ ያለኝንና እኔ ያደረግሁትን ለየብቻ ነገርኳቸው። ከዚያ ለአባቴ እኩያ የማይጠየቀውን ጠየቅኋቸው፤ ሰገራዎ ጠቁሯል ወይ አልኳቸው። ወደ መሬት አይተው የወትሮው ነው አሉ። ሆዴን ግን ያቃጥለኛል አሉ።

ውኃው እግራቸው ላይ ደረቀ።

«ለሚስቱ ነገርካት?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ዛሬ አትንገራት፤ ዛሬ አትችለውም። ግን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።»

እሺ አልኩ። አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው አላሉኝም። ማታ ሁሉም ሰው እንደዚያ ሲለኝ ነበር ያመሸሁት። እሳቸው አላሉኝም። ስለዚህ ተቀመጥኩ።

ከጓዳ ዳቦና ሻይ አመጡ። ቆርሰው ሰጡኝ። ጾመኛ ነኝ አልኳቸው። ረመዳን እኮ አልገባም አሉ። ከዚያ ገባቸው። የቆረሱትን መልሰው ሳህኑ ላይ አደረጉት።

እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ቀስ ብለው ነው የሚበሉት፤ ጥርስ የላቸውም። ቆርቆሮዋን እኔ ያዝኩ። ክሊኒኩ ሲከፈት ድሬሰሩ እኛን በር ላይ አገኘን። ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። እሳቸውም የወሰዱት ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን በልተው እንደሆነ ሲጠይቃቸው ወደ እኔ ሳያዩ ራሳቸው መለሱ። ሆዳቸው ላይ እጁን አድርጎ ጫን ጫን አደረገ። ለጊዜው ምንም እንዳይወስዱ፣ ቃጠሎው ሲጠፋ ደግሞ ተመልሰው እንዲመጡ ነገራቸው። እንደገና ሲጀምሩ እንዲያዩት አዲስ የወረቀት ከረጢት ላይ ሣለላቸው። የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። ከሁሉም በፊት ያቺ የወፍ ጎጆ የምትመስል ሳህን።

ሽማግሌው ወረቀቷን ተቀበሉና፣ እንደ ልማዳቸው፣ እንዳነብላቸው ወደ እኔ ዘረጓት።

እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

«እርስዎ ይያዙት፣ አባባ» አልኳቸው። «ያልገባዎትን እሱን ይጠይቁት። እሱ ሲነግርዎ እኔም አብሬ እሰማለሁ።»